በሁለት ፍሎሪን የተገዛው ወንጌል

በ12ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ አንድ የባይዛንታይን ጸሐፊ አራቱን ወንጌላት በግሪክኛ ገልብጦ ጨረሰ። መጽሐፉ 248 የብራና ቅጠሎች አሉት። ቁመቱ 20 ሴንቲ ሜትር አይሞላም፤ ወርዱም 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። በየገጹ አንድ ዓምድ፣ በየዓምዱ 20 መስመር ተጽፎበታል። ከቤተ መንግሥት የወጣ፣ በወርቅ ቀለም ያሸበረቀ ሥራ አይደለም። አንድ መነኩሴ በእጁ ይዞት ሊያነብበው የሚችል፣ ፊደሉ ጥርት ያለ፣ ደህና የሚባል የዘወትር ወንጌል ነው።

በዚያን ጊዜ ግሪኮች እየብቻው ተነጣጥሎ የሚጻፈውን ትልልቁን የጥንት ፊደል ከተዉት ቆይተዋል። ከ9ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ትንንሽና ተያያዥ ፊደል ቦታውን ወስዷል፤ ብዕር ሳያነሡ ስለሚጽፉት ይፈጥናል፣ ብራናም ይቆጥባል። በዚህ ፊደል የተጻፉ የአዲስ ኪዳን መጻሕፍት ዛሬም በሺህ የሚቆጠሩ አሉ። የአብዛኞቹ ንባብ በቁስጥንጥንያ ቤተ ክርስቲያን ጸንቶ የኖረው፣ እርስ በርሱ እምብዛም የማይለያየው ነው። የ248 ቅጠሉ ወንጌልም ከእነዚሁ አንዱ ነው። የምዕራቡ ዓለም ፕሮቴስታንት ክርስቲያን ለ300 ዓመታት ያነበበው ወንጌል መሠረት የሚሆንበት ምክንያት በመልኩም ሆነ በዕድሜው አልነበረም። ምክንያቱን ማወቅ የሚፈልግ የመጽሐፉን ጉዞ መከተል አለበት።

የሮማ ቤተ ክርስቲያን ጉባኤ በ1431 ስዊዘርላንድ ውስጥ ባዝል ከተማ ላይ ተሰበሰበ (ዓ.ም. ካልተባለ በቀር በዚህ ትረካ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው)። ከዋና ዋናዎቹ ጉዳዮች አንዱ ከምሥራቅ ክርስቲያኖች ጋር መታረቅ ነበር። ጉባኤው በ1435 ወደ ቁስጥንጥንያ ከላካቸው መልእክተኞች መካከል የራጉዛ፣ የዛሬዋ ዱብሮቭኒክ፣ ሰው የሆነው የዶሚኒካን መነኩሴ ዮሐንስ ስቶይኮቪች ይገኝበታል። እርቁ እንደታሰበው አልሰመረም። ዮሐንስ ግን እስከ 1437 እዚያው ሲቆይ የግሪክኛ የብራና መጻሕፍት እየፈለገ ሰበሰበ። በ1443 ሲሞት መጻሕፍቱን ለባዝል የዶሚኒካን ገዳም አወረሰ። ቁስጥንጥንያ ከዚያ በኋላ አሥር ዓመት ብቻ ቆይታ በቱርኮች እጅ ወደቀች።

የእኛ ወንጌልም የዚያው ገዳም ንብረት ሆነ። የባዝል መነኮሳት የከፈሉበት ዋጋ ሁለት የራይን ፍሎሪን (የወርቅ ገንዘብ) እንደነበር ይነገራል። የኋላ ዘመን ሊቃውንት ይህን ሲጠቅሱ ዋጋው ያንሰዋል አላሉም፤ ልኩ ነው ነው ያሉት።

ገዳሙ ውስጥ ግሪክኛ የሚያነብ ሰው በጣት የሚቆጠር ስለነበር መጻሕፍቱ ለዓመታት ተቀመጡ። አንዳንዴ አንድ ሊቅ እየመጣ ይዋሳቸዋል። ከነዚህ አንዱ ባዝል ተምሮ የነበረው ጀርመናዊው ዮሐንስ ሮይኽሊን ነው። እሱ ካወጣቸው መጻሕፍት አንዱ፣ የዮሐንስን ራእይ ከነትርጓሜው የያዘው፣ በኋላ ብዙ መዘዝ ያመጣል።

በዚህ መካከል የኅትመት መሣሪያ አውሮፓን አዳረሰ። የላቲኑ መጽሐፍ ቅዱስ በ1450ዎቹ ታተመ። ሆሜር በግሪክኛ በ1488 ፍሎረንስ ላይ ታተመ፤ አሪስጣጣሊስም ተከተለ። ግሪክኛው አዲስ ኪዳን ግን ገና ነበር። በ1513 ዮሐንስ ፖትከን የተባለ ጀርመናዊ ቄስ፣ ከኢትዮጵያውያን መነኮሳት ግዕዝ ተምሮ፣ ሮም ላይ መዝሙረ ዳዊትን በግዕዝ አሳተመ። የግዕዙ ዳዊት ከግሪክኛው አዲስ ኪዳን ቀድሞ ማተሚያ ቤት ገባ ማለት ነው። ይህ ለአገራችን አንባቢ ሊታወቅ የሚገባው እውነት ነው።

በተከታዩ ዓመት፣ ጥር 10 ቀን 1514፣ ስፔን ውስጥ አልካላ በምትባል ከተማ ካርዲናል ሲስኔሮስ የሰበሰቧቸው ሊቃውንት የግሪክኛውን አዲስ ኪዳን አትመው ጨረሱ። ሆኖም ካርዲናሉ ብሉይና አዲሱ በአንድነት፣ በዕብራይስጥ፣ በግሪክና በላቲን፣ በስድስት ቅጽ ተሟልቶ እንዲወጣ ፈልገው ስለነበር የታተመው ወረቀት መጋዘን ገባ። የሮማው ጳጳስ ፈቃድ የተገኘው በ1520 ነው፤ ካርዲናሉ ያን ጊዜ ከሞቱ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። መጀመሪያ የታተመው መጽሐፍ ተቆልፎበት ሳለ ሌላው ቀደመው።

የቀደመው የሮተርዳሙ ሊቅ ኤራስመስ ነው። ኤራስመስ በ1504 ሉቨን አጠገብ በሚገኝ ገዳም ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የጣሊያናዊውን የሎሬንዞ ቫላን ማስታወሻ አገኘ። ቫላ የላቲኑን አዲስ ኪዳን ከግሪክኛው ጋር እያስተያየ የተሳሳተውን ነቅሶ ያወጣ ሰው ነው። ኤራስመስ ማስታወሻውን በ1505 ፓሪስ ላይ አሳተመው፤ ሐሳቡም ልቡ ውስጥ ቀረ። እንግሊዝ አገር በቆየባቸው ዓመታት የግሪክኛ መጻሕፍትን እያመሳከረ የራሱን ማስታወሻ አጠራቀመ፤ በ1514 ክረምትም ባዝል ደረሰ። ከተማዋ ውስጥ ዮሐን ፍሮበን የሚባል ስመ ጥር አታሚ ነበር። በሚያዝያ 1515 የፍሮበን ወዳጅ ቤአቱስ ሬናኑስ ለኤራስመስ ደብዳቤ ጻፈለት፤ ፍሮበን አዲስ ኪዳኑን ማተም ይፈልጋል፣ ሌላው የሚከፍልህን ያህል ይከፍልሃል የሚል ነው። የስፔኑ ሥራ ወሬ ፍሮበን ጆሮ ደርሶ ይሆን የሚለውን ሊቃውንት ዛሬም ይከራከሩበታል።

ኤራስመስ በዚያው ዓመት በሐምሌ ባዝል ተመለሰ። ተስፋው ለፊደል ለቃሚዎች እንዳለ የሚሰጥ፣ የጠራ መጽሐፍ እዚያ ማግኘት ነበር። ያገኛቸው ግን ሊታረሙ የሚገባቸው ሆኑበት። ጊዜ አልነበረም። ስለዚህ እንደገና በንጹሕ ማስገልበጡን ትቶ እርማቱን በራሱ በብራናው ላይ መጻፍ ጀመረ።

ይህ የሆነበት ዋናው መጽሐፍ የእኛ ወንጌል ነው። ለሐዋርያት ሥራና ለመልእክታቱ ደግሞ ከዚያው ገዳም የመጣ ሌላ ብራና ተመረጠ። ወንጌሉን ዛሬ የሚገልጥ ሰው ሁለት ዓይነት እጅ ያያል። አንደኛው ረጋ ያለው የ12ኛው ክፍለ ዘመን ጸሐፊ እጅ ነው። ሁለተኛው በመስመር መካከልና በኅዳጉ የተጫጫረው የ1515 እርማት ነው። ከነዚህ ሌላ ፊደል ለቃሚው የታተመው ገጽ የት እንደሚያልቅ ለማወቅ በቀይ ጠመኔ ያሰመራቸው ምልክቶች አሉ። እነዚህ ጭረቶች በ19ኛው ክፍለ ዘመን የነበረውን እንግሊዛዊ ሊቅ ፍሬድሪክ ስክሪቭነርን አበሳጭተውታል፤ አረመኔያዊ ሥራ ነው እስከማለት ደርሷል። ብራና የሚያከብር ሁሉ ንዴቱ ይገባዋል። ለመሠዊያና ለጸሎት የተጻፈ ወንጌል ቀለም በነካው የሠራተኛ እጅ ላይ የማተሚያ ቤት ረቂቅ ሆኖ መዋሉ ያሳዝናል። ሆኖም መጀመሪያ ለአንባቢ የደረሰው የግሪክኛ አዲስ ኪዳን ኅትመት እንዴት እንደተሠራ፣ ገጽ በገጽ የሚያሳየን ማስረጃም ያው ጠመኔ ነው።

ጥድፊያው ከባድ ነበር። የኅትመቱ ሥራ በ1515 መጸው ተጀመረ። ያው ማተሚያ ቤት በተመሳሳይ ጊዜ የቅዱስ ሄሮኒሞስን ሥራዎች በብዙ ቅጽ እያተመ ነው፤ ኤራስመስ በዚያም አለበት። ማረሚያውን የሚያነቡለት ኒኮላውስ ገርበልና ኋላ የባዝል ተሐድሶ መሪ የሆነው ዮሐንስ ኤኮላምፓድየስ ነበሩ። አንዱ ወገን ፊደል ሲለቅም፣ ሌላው የታተመውን ሲያርም፣ ኤራስመስ ደግሞ ቀጥሎ የሚታተመውን ሲያዘጋጅ ወራቱ አለፉ።

በዚሁ ገዳም የተሻሉ መጻሕፍት መኖራቸው ነው የሚያስቆጨው። አንደኛው በ8ኛው ክፍለ ዘመን በትልልቁ የጥንት ፊደል የተጻፈ ወንጌል ሲሆን ኤራስመስ አልተጠቀመበትም። ሌላው ከራእይ በቀር ሙሉውን አዲስ ኪዳን የያዘ የ12ኛው ክፍለ ዘመን ብራና ነው። ይህኛው በወንጌላቱ ከተለመደው የሚለይ፣ ከጥንት የመጣ ንባብ አለው። ኤራስመስ አየው፤ ጥቂትም ተጠቀመበት። ነገር ግን ከሌሎቹ ጋር ስላልተስማማለት አብዝቶ አላመነውም። በእርግጥ ሊወቀስ አይገባም። ብዙዎቹ የሚስማሙበትን መያዝ በዚያ ዘመን አስተዋይነት ነበር፤ አንድ ብራና ብቻውን ከሌላው ሁሉ ተለይቶ የቀደመውን ሊጠብቅ እንደሚችል የሚያሳይ ጥናት ገና አልተወለደም።

የራእዩ ነገር ግን ሌላ ነው። ለዮሐንስ ራእይ የተገኘው ብራና ከሮይኽሊን የተዋሰው አንድ ብቻ ነበር። በዚያም ላይ ቃሉ ከትርጓሜው ጋር ተቀላቅሎ የተጻፈ በመሆኑ ጸሐፊ ተቀጥሮ ቃሉን ለብቻው እየለየ ለአታሚው ገለበጠ። መጨረሻው ላይ ሲደርሱ የመጨረሻው ቅጠል የለም። የምዕራፍ 22 የመጨረሻዎቹ ስድስት ቁጥሮች፣ ከ16 አጋማሽ እስከ 21፣ ጎደሉ። ኤራስመስ የላቲኑን ንባብ ወስዶ ራሱ ወደ ግሪክኛ መለሰው። ከላቲኑ የሞላው ቃል እንዳለም በማስታወሻው ተናግሯል። ከዚህ የተነሣ በቁጥር 19 የግሪክ ብራናዎች የሕይወት ዛፍ የሚሉትን የታተመው የሕይወት መጽሐፍ አለው፤ በላቲን ዛፍና መጽሐፍ የሚሉት ቃላት በሁለት ፊደል ብቻ ስለሚለያዩ ከገልባጮች በአንዱ እጅ የተሳሳተውን ነው ኤራስመስ የተረጎመው። የ1611ዱ የእንግሊዝ ትርጉም ዛሬም መጽሐፍ ይላል። የ1954 ዓ.ም. የአማርኛው ትርጉም ዛፍ ይላል።

በ1516 መጋቢት መጀመሪያ መጽሐፉ ወጣ። አንድ ሺህ ገጽ ያህል ነው፤ ግሪክኛውና ኤራስመስ ያሻሻለው ላቲን ጎን ለጎን ቆመዋል፣ ማስታወሻው ከኋላ ተከትሏል። ለጳጳስ ልዮን 10ኛ መታሰቢያ ተደርጓል። ኤራስመስ በዋናነት ያሰበው ላቲኑን ማቃናት ነበር፤ ግሪክኛው ለዚያ ምስክር እንዲሆን የገባ ነው። ሰው የፈለገው ግን ግሪክኛውን ሆነ። የኅትመት ግድፈቱ ለቁጥር የሚያታክት ነው። ኤራስመስ ራሱ ሥራው ታረመ ከማለት ተቻኮለ ማለት እንደሚቀል በደብዳቤው አምኗል።

ዊተንበርግ ላይ የሮሜን መልእክት ያስተምር የነበረው ማርቲን ሉተር መጽሐፉ እጁ እንደገባ ትምህርቱን በዚያ ላይ ቀጠለ። በ1519 ሁለተኛው እትም ወጣ፤ የሁለቱ እትሞች ብዛት 3,300 ያህል ደረሰ። ሉተር በ1522 መስከረም ያሳተመው የጀርመንኛ አዲስ ኪዳን የተተረጎመው ከዚህ ከሁለተኛው ነው። ዊልያም ቲንዴል በ1526 ያወጣው የእንግሊዝኛው ትርጉምም ከኤራስመስ ግሪክኛ ተቀዳ።

ተቃውሞም አልዘገየም። እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ሊና ስፔናዊው ሎፔዝ ደ ዙኒጋ ኤራስመስን የከሰሱት በአንደኛው የዮሐንስ መልእክት ምዕራፍ 5 ላይ በሰማይ ስለሚመሰክሩት ሦስቱ የሚናገረውን የላቲን ቃል ቆርጦ ጣለ ብለው ነው። ቆርጦ የጣለው አልነበረም፤ ባያቸው የግሪክ ብራናዎች ውስጥ አላገኘውም። ብዙም ሳይቆይ ቃሉ ያለበት አንድ የግሪክኛ መጽሐፍ ከእንግሊዝ ብቅ አለ። በ1520 ገደማ የተጻፈ ነው፤ ዛሬ ደብሊን በሥላሴ ኮሌጅ ይገኛል። ኤራስመስ አላመነበትም፣ ነገር ግን የስም ማጥፋት በር ለመዝጋት ሲል በ1522ቱ ሦስተኛ እትም አስገባው። አንድ ብራና ከተገኘ አስገባለሁ ብሎ ቃል ገብቶ ነበር የሚባለው ተረት ነው፤ የሆላንዱ ሊቅ ሄንክ ያን ደ ዮንግ በ1980 መሠረት እንደሌለው አሳይቷል።

ኤራስመስ በ1527 አራተኛውን እትም ሲያዘጋጅ የስፔኑ ሥራ በመጨረሻ እጁ ገብቶ ነበር። በእሱም ራእዩን 90 በሚያህል ቦታ አረመ። ከላቲን የሞላው ሁሉ ግን አልተነሣም፤ የሕይወት መጽሐፍ የሚለው እንዳለ ቀረ። አምስተኛው እትም በ1535 ወጣ፤ ኤራስመስም በተከታዩ ዓመት ባዝል ላይ ዐረፈ።

የጎደለ ቅጠል ያስጨነቀው እሱን ብቻ አይደለም። ከደብረ ሊባኖስ የተነሡት አባ ተስፋ ጽዮን ሮም በሚገኘው የሐበሾች ገዳም፣ በቅዱስ እስጢፋኖስ፣ ተቀምጠው በ1548 እና 1549 የግዕዙን አዲስ ኪዳን አሳተሙ። የሐዋርያት ሥራ ላይ ሲደርሱ በእጃቸው ያለው ብራና ጎደሎ ሆነባቸው። አብዛኛውን ከላቲንና ከግሪክ ወደ ግዕዝ መልሰው ሞሉት፤ ይህንኑም ሳይደብቁ በመጽሐፉ ላይ ጻፉ። ፊደሉን የሚለቅሙት ጣሊያናውያን ደግሞ ግዕዝ አያውቁም ነበር። የሁለቱ ሰዎች ቅንነት አንድ ነው። 

ኤራስመስ ካለፈ በኋላ ግሪክኛው ብቻውን መኖር ጀመረ። ሮቤር ኤስቲየን በ1550 ፓሪስ ላይ በሚያምር ፊደል አሳተመው፤ በተከታዩ ዓመት ጄኔቫ ላይ ዛሬ የምንጠቀምባቸውን የቁጥር ክፍሎች አስገባበት። ቴዎዶር ቤዛ ደጋግሞ አወጣው። በ1633 የላይደን አታሚዎች ኤልዘቪሮች በመቅድማቸው ሁሉም የተቀበለው ንባብ ብለው አሞገሱት። የመሸጫ ቃል ነበር፤ ስም ሆኖ ቀረ። በሁለት ፍሎሪን የተገዛው ወንጌል ንባብ በዚህ ስም ሥር ሊነካ የማይገባው ተደርጎ ተቆጠረ።

የመጀመሪያውን ድንጋጤ ያመጣው ጆን ሚል ነው። በ1707 ኦክስፎርድ ላይ ባሳተመው መጽሐፍ በብራናዎች መካከል ያለውን ልዩነት ዘርዝሮ 30,000 አደረሰው። ከዚያ የባዝል ልጅ ዮሐን ያኮብ ቬትሽታይን ተነሣ። በከተማው ዲያቆን ሆኖ እያገለገለ የገዳሙን የድሮ ብራናዎች መረመረ፤ ፓሪስንና ለንደንንም ዞረ። የተቀበልነውን ንባብ ሊነካ ነው ተብሎ በ1730 ከሥራው ተባረረ፤ ወደ አምስተርዳምም ተሰደደ። እዚያ በ1751 እና 1752 በሁለት ትልልቅ ቅጽ ሥራውን አወጣ። በትንንሹ ፊደል ለተጻፉት ብራናዎች ቁጥር የሰጣቸው እሱ ነው። ቁጥሩን የጀመረው በትውልድ ከተማው ነበር፤ ኤራስመስ ያላመነውን መጽሐፍ 1 አለው፣ ጠመኔ የተሰመረበትን ወንጌል 2 አለው።

የራእዩ ብራና ግን ጠፍቶ ነበር። ሦስት መቶ ዓመት ያህል የት እንደገባ ሳይታወቅ ቆይቶ በ1861 ጀርመናዊው ፍራንዝ ዴሊች በኧቲንገን-ቫለርሽታይን መሳፍንት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አገኘው። በእጁ ይዞ ከታተመው ጋር ሲያስተያየው የመጨረሻው ቅጠል በእርግጥ የለም። በታተመው ራእይ ውስጥ በየትኛውም ሌላ የግሪክ ብራና የማይገኙ ቃላት ከየት እንደመጡ ያን ጊዜ ተረጋገጠ። ብራናው ዛሬ በአውግስበርግ ዩኒቨርሲቲ ይጠበቃል።

በ1902 ኪርሶፕ ሌክ የተባለ እንግሊዛዊ በቁጥር 1 ላይ ያደረገውን ጥናት አሳተመ። መጽሐፉ ከሌሎች ጥቂት ብራናዎች ጋር አንድ ቤተሰብ እንደሆነ፣ ንባባቸውም ከቁስጥንጥንያው ልማድ የቀደመ መሆኑን አሳየ። በ1904 የብሪታንያና የውጭ አገር የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ሁሉም ተቀበለው የተባለውን ግሪክኛ ማተም ትቶ በኤበርሃርድ ኔስትለ የተዘጋጀውን ያዘ። የፍሮበን ማተሚያ ቤት ሥራውን ካወጣ 388 ዓመት ሆኖት ነበር።

ሁለቱ ብራናዎች፣ ቁጥር 1 እና ቁጥር 2፣ አሁንም በባዝል ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ናቸው፤ ቁጥራቸውም ቬትሽታይን የሰጣቸው ነው። ዛሬ በየዩኒቨርሲቲው የሚጠናው የግሪክኛ አዲስ ኪዳን ከገጹ ግርጌ የቁጥር 1ን ቤተሰብ ምስክርነት በየወንጌሉ ይጠቅሳል። ቁጥር 2 ግን ከቋሚ ምስክሮቹ መካከል አይደለም።